ከቢልሽቴት እስከ ኤልበ ድልድይ፦ የሃምቡርግ አዲሱ የወደብ ሰፈር

ሃምቡርግ ለእኔ ባቡር መቀየሪያ ነበረች። ከፍራንክፈርት ወደ ሰሜን ስሄድ እዚያ እወርዳለሁ፣ ቡና በወረቀት ኩባያ እይዛለሁ፣ ሌላ ባቡር ላይ እወጣለሁ፣ አለቀ። የአክስቴ ልጅ ግን ዓመታት ኖራባታለች። "መጣሁ መጣሁ ትላለህ እንጂ አትመጣም" ስትለኝ ከረመች። ዘንድሮ ፈረንጆቹ የዕርገትን በዓል ከሳምንቱ መጨረሻ ጋር ሲያገናኙት ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ።

ላየው የፈለግኩት ሃፈንሲቲ የሚባለውን ሰፈር ነው። ከመሀል ከተማው አጠገብ፣ ኤልበ ወንዝ ዳር፣ መርከብ ሲራገፍበት የኖረ 157 ሄክታር ቦታ ነው። መርከቡ ሄደ፣ ከተማው ገባበት። ግንባታው ከ2001 ጀምሮ እየተካሄደ ነው፤ ዛሬም አላለቀም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እያሰላችሁ አትድከሙ።

ሐሙስ

ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግማሹን መንገድ በር ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው በምሥራቅ በኩል፣ ቢልሽቴት ነው። ሐበሻው፣ አፍጋኑ፣ ቱርኩ፣ ጋናዊው አንድ ላይ የሚኖርበት ሰፈር። ፎቆቹ ግራጫ ናቸው፣ አሳንሰሩ ያንቃጫል፣ ኪራዩ ግን በሃምቡርግ ሚዛን ይቻላል።

ሽሮዋን በልቼ "ሃፈንሲቲ በምን ይኬዳል?" ስላት ሳቀች።

"ከዚህ የሚነሳው ባቡር እዚያ ነው የሚያበቃው። ተኝተህ ብትሄድም ትደርሳለህ።"

ለካ ዩ 4 የሚባለው የምድር ባቡር አንዱ ጫፉ ቢልሽቴት፣ ሌላው ጫፉ ሃፈንሲቲ ነው። መቀየር የለም። "ታዲያ ብዙ ጊዜ ትሄጃለሽ?" አልኳት። "እንግዳ ሲመጣ። ምን አለኝ እዚያ?" አለችኝ። ነርስ ነች፤ ሥራ የምትገባው በሌላ አቅጣጫ ነው።

ሲመሽ ብቻዬን ሄድኩ። ሃፈንሲቲ ውስጥ ያለው የዩኒቨርሲቲው ጣቢያ በ2012 የተከፈተ ነው። ግድግዳው ጥቁር ቡናማ ብረት ነው፤ ከጣሪያው ኮንቴይነር የሚያክሉ 12 የመስታወት ሳጥኖች ተንጠልጥለዋል። ከውስጣቸው መብራት አለ። ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ቀስ ብለው ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ብርቱካን። አንድ ባቡር አሳለፍኩና ቆሜ አየሁ። ከላይ ግን ሰው የለም። ሰፊ መንገድ፣ አዳዲስ ሕንፃ፣ ጃኬት ውስጥ የሚገባ ነፋስ። ብዙም ሳልቆይ ተመለስኩ።

አርብ

ቀኑን ሙሉ ለሽፓይኸርሽታት ሰጠሁት። የመጋዘን ከተማ ማለት ነው፤ ከአዲሶቹ ሕንፃዎች አጠገብ ነው ያለው። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚዘልቅ ቀይ የጡብ ሕንፃ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ከሥር የኦክ ግንዶች ናቸው የተሸከሙት። ዩኔስኮ በ2015 የዓለም ቅርስ ብሎታል።

እንዴት እንደተሠራ ስታነብ ደስታህ ትንሽ ይቀንሳል። ሃምቡርግ ለረጅም ጊዜ ከጀርመን የቀረጥ ክልል ውጪ የነበረች የነጋዴ ከተማ ናት። በ1888 ወደ ቀረጡ ከመግባቷ አስቀድሞ፣ ነጋዴዎቹ ሸቀጣቸውን ያለ ቀረጥ የሚያስቀምጡበት የተከለለ ቦታ እንዲኖራቸው ተስማሙ። የተመረጠው ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ይኖርበት ነበር። ከ1883 ጀምሮ ቤቱ ፈረሰ፤ ሠራተኛውና ድሃው ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄደ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ለዚህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ትንሿ የመጋዘን ሙዚየም ሳንድቶርካይ የሚባለው መንገድ ላይ ናት። እዚህ የገባ ኢትዮጵያዊ ቶሎ አይወጣም። ግማሹ ነገር ስለ ቡና ነው። የጆንያ መጎተቻ መንጠቆ አለ፣ እጀታው በእጅ ብዛት ያብለጨልጫል። ከጎኑ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ አለ። ሠራተኛው ጆንያውን ሳይፈታ ይወጋዋል፤ በዘንጉ ውስጥ ጥቂት ፍሬ መዳፉ ላይ ይፈሳል። ያንን አይቶ፣ አሽትቶ፣ ነክሶ የሙሉውን ጭነት ደረጃ ይናገራል። ዘንጉ ሲወጣ የጆንያው ክር መልሶ ይገጥማል። 60 ኪሎ ቡና፣ አንድ እፍኝ ናሙና፣ ቀዳዳው አይታይም።

እዚህ ቤት ጥሬ ቡና በእጅ የሚለቅሙት ሴቶች ነበሩ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ድንጋዩን ከደህናው ሲለዩ ነው የሚውሉት። ቃሊቲ አካባቢ ባሉ የቡና መጋዘኖች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሸፍነው፣ ተደርድረው ቡና የሚለቅሙ እናቶችን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ይቆማል። እኔም ቆምኩ። አንዷ ፍሬ ከላኪው አገር በሴት እጅ ታልፋለች፣ ባሕር ትሻገራለች፣ እዚህ ደግሞ በሌላ ሴት እጅ ትገባለች። ሁለቱ ሴቶች አይተዋወቁም። የሚተዋወቁት ነጋዴዎቹ ናቸው።

ነጋዴዎቹማ በደንብ ነው የሚተዋወቁት። የሃምቡርግ የቡና ገበያ በ1887 እዚሁ ሳንድቶርካይ ላይ ነው የተቋቋመው። ዛሬም በጥሬ ቡና ንግድ ከዓለም ትልልቆቹ ውስጥ ያለው የኖይማን ቡድን ዋና ቢሮ ሃፈንሲቲ ውስጥ ነው። እኔ በር ላይ አልፌ አየሁት፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የቡና ሽታ የሌለው ሕንፃ።

ሽታው ያለው ከመጋዘኖቹ በአንዱ ውስጥ የተከፈተ ቆልቶ ሻጭ ቤት ነው። መቁሊያው እየዞረ፣ ሰው ተሰልፎ። ሰሌዳው ላይ ይርጋጨፌ አለ፣ ሲዳሞ አለ። ይርጋጨፌ አዘዝኩ። በትልቅ ኩባያ፣ በማጣሪያ ወረቀት የወረደ፣ ቀላ ያለ፣ ሻይ የሚመስል ነገር መጣ። የምትቀዳው ልጅ "ጃስሚን እና ሎሚ ይሸታል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይሸታል። ግን አቦል አይደለም። ሁለተኛም ሦስተኛም የለውም፤ ተከፍሎ ተጠጥቶ ይወጣል።

ቡናው ታዲያ የት ሄደ? ኮንቴይነር ነው የወሰደው። እነዚህ መጋዘኖች የተሠሩት ጆንያ በጀልባ በቦዩ ገብቶ፣ በጣሪያው ጫፍ ባለው መዘውር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮንቴይነር ሲመጣ ይህ ሁሉ ዋጋ አጣ። አዲሶቹ መርከቦች ለድሮዎቹ የመርከብ መቆሚያዎች ትልቅ ናቸው፤ ክሬኑ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ወደቡ ወደ ወንዙ ማዶ ተሻገረ። እዚህ የምንጣፍ ነጋዴዎች ቀሩ፣ ከዚያ የማስታወቂያ ድርጅቶችና ሙዚየሞች ገቡ። አካባቢው ከቀረጥ ነፃ ቀጠናው የወጣው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት እዚህ መግባትና መውጣት በጉምሩክ አጥር በኩል ነበር።

ቅዳሜ

የአክስቴ ልጅ እረፍት ነበረች። የስምንት ዓመት ልጇን ይዘን ሦስታችን ወጣን።

መጀመሪያ ኤልብፊልሃርሞኒ። ሰዉ "ኤልፊ" ነው የሚላት። ከሥር ያለው የጡብ ሕንፃ በ1960ዎቹ የተሠራ የካካዎ፣ የሻይና የትምባሆ መጋዘን ነው። ውስጡን አውጥተው ግድግዳውን አስቀሩት፤ ከላዩ ላይ የመስታወት የሙዚቃ አዳራሽ ጫኑበት። ቁመቱ 110 ሜትር ነው። በ2010 ይከፈታል ተብሎ በ2017 ነው የተከፈተው። ከከተማው ካዝና 77 ሚሊዮን ዩሮ ይበቃዋል የተባለው ሥራ በጠቅላላ 866 ሚሊዮን ዩሮ በላ። ጀርመን በሰዓቱና በበጀቱ ይጨርሳል የሚላችሁ ሰው ካለ ወደዚህ ይዛችሁት ኑ።

ቢሆንም መውደዴን አልክድም። መግቢያው 82 ሜትር የሚረዝም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው። መሀሉ ላይ ስለሚጎብጥ ስትገባ መጨረሻው አይታይህም። ልጁ "የት ነው የሚያልቀው?" እያለ አስሬ ጠየቀ። 37 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሰገነት ዙሪያውን ያሳያል፦ በአንድ በኩል የከተማው የቤተ ክርስቲያን ማማዎች፣ በሌላው ክሬን በክሬን ላይ። ኮንሰርት አልገባንም፤ ትኬቱ ቀድሞ አልቋል።

ብዙ ጎብኚ ከዚህ ወርዶ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኔ ሃፈንሲቲን የወደድኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ በውሃው ምክንያት።

ባሕሩ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሆኖም ኤልበ ከባሕሩ ጋር ነው የሚተነፍሰው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ልዩነቱ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ሳንድቶርሃፈን የሚባለው የድሮ ወደብ ስንደርስ ወርዶ ነበር። የወደቡ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ንፍጥ የመሰለ አልጌ ከቁመቴ በላይ ድረስ ተለጥፏል። ከሰዓታት በኋላ ስንመለስ አረንጓዴው ጠፍቷል፤ ውሃው ውጦታል። የቆዩት የሸራ መርከቦች የታሰሩበት መድረክ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

ማዕበል ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። በ1962፣ በፌብሩዋሪ 16 ሌሊት፣ ውሃው ግድቦቹን ሰብሮ ሃምቡርግ ውስጥ ብቻ 315 ሰው ገደለ። ያኔ የነፍስ አድን ሥራውን የመራው የከተማው የፖሊስ ኃላፊ ሄልሙት ሽሚት ነበር፤ በኋላ የጀርመን ቻንስለር ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያነሱታል።

ሃፈንሲቲ ደግሞ ከግድቡ ውጪ፣ በወንዙ በኩል ነው ያለው። ግንብ ይሠራ ቢባል ውሃው አይታይም፤ ውሃው ካልታየ ደግሞ እዚህ ማን ቤት ይገዛል? ስለዚህ እያንዳንዱን ሕንፃ ሰው ሠራሽ ጉብታ ላይ አስቀመጡት፣ ከባሕር ወለል ስምንት ዘጠኝ ሜትር ከፍ አድርገው። ሰፈሩ ቆጥ ላይ የወጣ ይመስላል። ጉብታው ውስጥ የመኪና ማቆሚያ አለ። ከሥር ያለው የእግረኛ መንገድ ግን ዝቅ ብሎ ነው የተተወው። ውሃ ሲመጣ ይጥለቀለቃል፣ ሲሄድ ይጠረጋል፣ ካፌው ወንበሩን መልሶ ያወጣል።

ልጁ ነው በሩን ያገኘው። አንድ ምግብ ቤት መስኮት አጠገብ ከግድግዳው ጋር የታጠፈ ወፍራም የብረት መዝጊያ አለ፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ጎማ ተለብዷል። ጎማውን በጣቱ ሲጫን ሰርጎ ተመለሰ። "ይኼ ለሌባ ነው?" አለ። እናቱ ለውሃ እንደሆነ ስትነግረው አላመናትም፤ ውሃው እኮ ታች ነው፣ ሩቅ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲነገር ሠራተኛ መጥቶ ይዘጋቸዋል። ሰው ደግሞ ከፍ ብለው በተሠሩ ድልድዮች ወደ ከተማው ይሻገራል፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናም በዚያው ያልፋል። ከቦዩ በላይ ያለውን ኪበልሽቴግ የተባለውን የእግረኛ ድልድይ ጠዋት ስንሻገር ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ አልገባኝም ነበር።

ምዕራቡ ክፍል መጀመሪያ የተሠራው ነው። ያምራል፣ ግን ይበርዳል። በረንዳዎቹ ላይ ልብስ የለም፣ ሰው የለም። የአክስቴ ልጅ የሪል ኢስቴት ቢሮ መስኮት ላይ ኪራይ አንብባ "ይኼ የወር ነው የዓመት?" አለች። ስትቀልድ ነው፣ ግን ብዙም ስትቀልድ አይደለም። በመሀሉ በ2025 የተከፈተውን ትልቁን የገበያ ማዕከል አልፈን ሄድን። ሞል ያው ሞል ነው፤ ዱባይም አለ። ሲገነባ በ2023 የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ መወጣጫ ተደርምሶ አምስት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከአልባንያ የመጡ ነበሩ።

ሎዘፓርክ የሚባለው መናፈሻ ላይ ዝም ብለን ነው የሄድነው። እዚህ የሃኖቨር ጣቢያ የሚባል ባቡር ጣቢያ ነበር። ከ1940 እስከ 1945 ከ8,000 በላይ አይሁድ፣ እንዲሁም ሲንቲና ሮማ የተባሉት ሕዝቦች፣ በናዚዎች ከዚህ ተጭነው ጌቶ ወደሚባሉ የታጠሩ ሰፈሮችና ወደ ማጎሪያ ተወስደዋል። የባቡሩ መስመር የነበረበትን እንደ ስንጥቅ ትተውታል፤ መናፈሻውን አቋርጦ ከድሮው መድረክ የቀረው ጋ ይደርሳል። እዚያ ስም ተጽፏል፣ ብዙ ስም። ከስንጥቁ ወዲህ ሰው ሳር ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ከዚያ በምሥራቅ በኩል ያለው ባከንሃፈን፣ በድሮ የመርከብ መቆሚያ ዙሪያ የተሠራ ሰፈር። እዚህ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ፊት ተፈታ። ጋሪ የሚገፋ አባት፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ብስክሌት የተደረደረበት በረንዳ። ከተማው ከምዕራቡ ክፍል ትችት በኋላ አሠራሩን ቀይሯል። በምሥራቁ በኩል ከመኖሪያ ቤቶቹ ሲሶው በድጎማ የሚከራይ ነው። ቦታም ብዙ ለከፈለ ብቻ አይሰጥም፤ ከነጥቡ 70 በመቶው ለሐሳቡ፣ 30 በመቶው ለዋጋው ነው። ይኼ ቢሮክራሲ ይመስላል፤ ልዩነቱን ግን በመንገዱ ላይ ባለው የልጅ ጩኸት ታውቀዋለህ። በውሃው መሀል መናፈሻ ሠርተዋል፣ ሰው ሠራሽ ኮረብታም አለው። ልጁ ወጥቶ ተንከባለለ፣ ደግሞ ወጣ።

ይህ የመርከብ መቆሚያ ግን ሌላም ታሪክ አለው። ከ1904 ጀምሮ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ሄሬሮና ናማ ሕዝቦችን የፈጁት የጀርመን ወታደሮች የተጫኑት ከዚህ ነው። ጀርመን ዘር ማጥፋት ብላ በይፋ የጠራችው በ2021 ነው። አፍሪካዊ ሆኖ እዚህ የሚቀመጥ ሰው ይህን ማወቅ አለበት እላለሁ። ሎዘፓርክ ላይ ያየሁትን ያህል የሚነግር ነገር ግን ባከንሃፈን ላይ አልገጠመኝም።

መጨረሻችን የባቡሩ መጨረሻ ነው፣ ኤልብብሩከን ጣቢያ። አጠገቡ ኤልብታወር የሚባለው ያላለቀ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አለ። 245 ሜትር ይሆናል ተብሎ፣ 100 ሜትር ገደማ ላይ በ2023 ሥራው ቆመ፤ ያስገነባው ሲግና የተባለው ኩባንያ ከሠረ። ሰዉ "አጭሩ ኦላፍ" ይለዋል። ኦላፍ ሾልትስ ከንቲባ ሳለ በኩራት ያቀረበው ሕንፃ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ቁመቱ አጠር ያለ ነው። የሃምቡርግ ሰው ቀልዱ ደረቅ ነው ይባላል፣ ይኼኛው ግን አሳቀኝ። ሲሚንቶው ባዶውን ቆሞ፣ በመስኮቱ ቦታ ነፋስ ይገባል። እዚያው ዩ 4 ላይ ወጣን፤ ቢልሽቴት እስክንደርስ ልጁ ትከሻዬ ላይ ተኛ።

እሁድ

በጠዋት የዓሣ ገበያ። ከ1703 ጀምሮ ያለ ነው። በበጋ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ይጀምራል፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረው ወጣትና በማለዳ የነቃው ሽማግሌ እዚህ ይገናኛሉ። ሻጮቹ መኪና ላይ ቆመው ነው የሚጮኹት። አንዱ ሙዝ እያነሳ ሕዝቡ ላይ ይወረውራል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል፤ የመርካቶ ልጅ ቢያየው ቋንቋው ባይገባው እንኳ ሥራውን ያውቀዋል። ዓሣ በዳቦ በላሁ፤ ሽንኩርቱ በዝቶ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ከዚያው 62 ቁጥር ጀልባ ላይ ወጣን። የቱሪስት ጀልባ አይደለም፤ የከተማው ትራንስፖርት ነው፣ የባቡር ትኬት ይሠራበታል። ላይኛው ፎቅ ላይ ቆመን ወደ ፊንከንቨርደር ተጓዝን። በግራ የኮንቴይነሩ ወደብ ነው። ክሬኖቹ ሰው የማይታይባቸው ናቸው፤ ሳጥን ያነሳሉ፣ ሳጥን ያስቀምጣሉ። ከጅቡቲ የሚመጣ ቡናችንም ከእነዚህ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ዘንግ ይዞ የሚወጋ፣ ነክሶ የሚናገር ሰው በዓይን አይታይም። በቀኝ በኩል ኤቨልጎነ የአሸዋ ዳርቻ አለ፤ ሰዎች ፎጣ ዘርግተው፣ ፎቅ የሚያክል መርከብ አጠገባቸው ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

"ከሃፈንሲቲ ይኼ ይሻላል" አለች የአክስቴ ልጅ። በዋጋ ከሆነ አልከራከራትም። ቤት ብታገኚ ባከንሃፈን ትገቢያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለድጎማ ቤት ተመዝግባ ወረፋ ላይ እንዳለች ያኔ ነው የነገረችኝ። ለሦስት ሰፈር ነው ያመለከተችው፤ አንዱ እሱ ነው።

ለምትሄዱ፦ የቀን ትኬት ግዙ፣ ጀልባውንም ባቡሩንም ይሸፍናል። በሰኔም ቢሆን ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ያዙ። ኤልፊን ጠዋት ጨርሱት፣ ከሰዓት ሰልፉ አይቻልም። ውሃው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ሰዓት ቀድማችሁ እዩና ሳንድቶርሃፈንን በሁለቱም ሰዓት ጎብኙት። ሞሉን ዝለሉት፤ በዚያ ሰዓት ወደ መጋዘን ሙዚየሙ ሂዱ፣ የብረት ዘንጉን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።